ራስጌና ግርጌ

ባሌ ላቲፍ ታላቅ ወንድሙን ሙኽታርን ካኮረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ኩርፊያ ስላችሁ ግን እንደ ሌላው ሰው ኩርፊያ አይምሰላችሁ። ሙኽታር በመንገድ ሲመጡ ላቲፍ ከሩቅ ካያቸው ከብስክሌቱ ይወርዳል። ሲጋራ ይዞ ከሆነ ጥሎ ይረግጠዋል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ እሳቸው ከገቡ ብድግ ብሎ ወንበሩን ይለቅላቸውና ይወጣል። ቃል ግን አይተነፍስም። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፣ «ባይጂ» ነው የሚባለው፤ ላቲፍ ይህን ቃል ከአፉ ካወጣው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

አንድ ቀን፣ «የምትጠላውን እንዲህ ካከበርክ የምትወዳትን ሚስትህንማ ተሸክመህ በዞርክ ነበር» ብዬ ነገር ብፈልገው፣ «ኩርፊያ ሌላ፣ ታላቅነት ሌላ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እንደዚህ ያለ ሰው ነው። በኩርፊያው የመጀመሪያ ዓመት፣ በሙቀቱ ወራት ጣሪያ ላይ የምንተኛበትን የገመድ አልጋ አዙሮ ራስጌውን ግርጌ አደረገው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ነፋሱ በዚህ በኩል ይሻላል አለኝ። በዚያ በኩል ነፋስ እንኳን ሊሻል ጭራሹን አይመጣም፤ የውኃ ጋኑ ግድግዳ ከልሎታል። አሥራ አንዱንም ዓመት በላብ ተጠምቄ አደርኩ።

ጥሉ የመጣው በአባታቸው ቀብር ነው። አማቼ የሞቱት በሰኔ ነው፤ በከተማችን በኦካራ የሰኔ ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ላቲፍ ያኔ ካራቺ ነበር የሚሠራው፤ እኔም እዚያው አብሬው ነበርኩ። ማምሻውን ተነግሮት በሌሊቱ ባቡር ተሳፈረ፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ፤ ሲደርስ አባቱ ከተቀበሩ ሁለት ሰዓት አልፏል። ገና እርጥብ በሆነው መቃብር ላይ፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያቃተው ወንድሜ አይደለም» አለ። ሙኽታር፣ ኢማሙ አስቸኮሉን ከማለት በቀር አንድም ቃል አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ ዝምታ ሆነ።

የሚገርመኝ ግን የልጅነታቸውን ወሬ አለማቋረጡ ነው። ልጆች ሳሉ ሁለቱ በአንድ አልጋ፣ አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ይተኙ ነበር። ላቲፍ ቀበሮ ይፈራ ነበር። ሙኽታር እንቅልፍ ሳይወስዳቸው በፊት ትከሻውን በተረከዛቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል፤ ተኝተሃል ወይ ማለታቸው ነው። ካልተኛ የእግራቸውን አውራ ጣት ይይዛል። ጣቱን እንደያዘ ይተኛል። ይህን ወሬ ሃያ ጊዜ ነግሮኛል፤ ሲጨርስ ሁልጊዜ ፊቱ ይጠቁራል።

እንግዲህ እንዲህ ባለንበት ነው እህታቸው ከኒዝ ከቶሮንቶ የደወለችው። ልጇ ዙበይር ሊያገባ ነው። በእኛ ወግ ሙሽራው ከቤት ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን የአበባ መጋረጃ ግንባሩ ላይ የሚያስሩት የእናቱ ወንድሞች ናቸው፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው። ከኒዝ ስልኩን ለእኔ ነው ያሰጠችው። «ሱገራ፣ ሁለት ወንድም አለኝ ብዬ ለአማቶቼ አውርቻለሁ» አለችኝ። «ሁለት ግማሽ እንዳታመጭብኝ። ሳይነጋገሩ ከመጡ ሙሽራውን ከቤት አላስወጣውም።» ከኒዝን የማያውቅ ማስፈራሪያ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ስለማውቃት ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌላው ጣጣ የላቲፍ ጀርባ ነው። አከርካሪው መሐል ያለ ነገር ከቦታው ወጥቶበት ሁለት ዓመት ተሰቃይቷል። ላሆር ያለው ሐኪም፣ አሥራ አራት ሰዓት ቁጭ ብለህ ከበረርክ ከአውሮፕላን ወደ ሰርግ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው የምትሄደው ብሎት ነበር። ይህን ስነግራት የከኒዝ ልጆች ተሰብስበው ለሦስታችንም የቢዝነስ ክላስ ቲኬት ላኩ። ወንበሩ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ አልጋ ይሆናል አሉን። ከኒዝ ቦታዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብላ ራሷ መረጠች። ሙኽታር በመስኮቱ በኩል ከፊት፣ ላቲፍ ልክ ከኋላቸው፣ እኔ ከላቲፍ ጎን ከመተላለፊያው ማዶ። «ታላቅ ይቀድማል፣ ታናሽ ይከተላል» አለች። «አንቺ ደግሞ ሁለቱንም በዓይንሽ ትይዥልኛለሽ።» በዚህ አቀማመጧ በጣም ተደስታ ነበር። እኔም ብልህ ሴት ናት አልኩ።

ላሆር ላይ ጠዋት ተሳፈርን። ሙኽታር ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ነጭ ልብሳቸው በስታርች ደርቆ ሲራመዱ ይንኮሻኮሻል። እኔን ደህና አደርሽ አሉኝና ላቲፍን በዓይናቸው አልፈውት ገቡ። ላቲፍ ቆሞ አሳለፋቸው። አስተናጋጇ በትሪ ላይ ትኩስ ፎጣ ስትሰጣቸው ሙኽታር ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርን፣ ከዚያም ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን ጠርገው፣ ለሌላኛው እግር ሌላ ፎጣ ጠየቁ። ልጅቷ ሳትስቅ አመጣችላቸው። ጨዋ ልጅ ናት።

አሁን ስለ ወንበሩ ልንገራችሁ። እኔ ስለ አልጋ አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት የገመድ አልጋ ስወጥር ኖሬያለሁ። የገመድ አልጋ እንደ አማት ነው፣ በየሳምንቱ ካልተንከባከብሽው ያኮርፋል፤ ግርጌው ያለውን ገመድ ካልሳብሽ መሐሉ ይረግብና ሁለት ሰው ቢተኛበት ሁለቱም ጉድጓዱ ውስጥ ይገናኛሉ። ይኸኛው ግን አንዲት ቁልፍ ናት። ልጅቷ ተጭና አሳየችኝ። ወንበሩ ከጀርባዬ ቀስ እያለ ሄደ፣ ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ መጣ፣ ድምፁ እንደ ድመት ነው፤ ሳላስበው በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ስስ ፍራሽ አነጠፈችልኝ፣ ትራስ ሁለት ሰጠችኝ፣ ብርድ ልብሱ ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ክብደት አለው። መከናነቢያዬን እስከ አገጬ ሳብኩት። በሕይወቴ ቀን ላይ ጋደም ያልኩት ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱንም ስወልድ። እዚያ ግን ማንም ሱገራ ብሎ የማይጠራኝ፣ ወተት የማይገነፍልብኝ ቦታ ላይ ተዘርግቼ ጣሪያውን እያየሁ፣ አላህ ይስጥሽ ከኒዝ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደግሞ ቁልፏን ተጭኜ ተነሳሁ፣ ደግሞ ተኛሁ። አራት ጊዜ።

«እግሬ ግን የት ገባ?» አልኳት ልጅቷን፤ ከጉልበቴ በታች ጠረጴዛ ነገር ሥር ወዳለ ጉድጓድ ገብቶ ነበር።

«እንደዚህ ነው የተሠራው እናቴ» አለችኝ። «የእያንዳንዱ ሰው እግር ከፊቱ ባለው ሰው ራስጌ በኩል ባለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። መሐላቸው ስስ ግድግዳ አለ፤ አይነካኩም።»

ላቲፍ ከማዶ ሆኖ ይሰማ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ ቁልፉ ላይ የነበረውን ጣቱን አነሳ።

አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው፣ ፀሐይን ተከትለን ዋልን፤ ጠዋቱ አላልቅ አለ። ምሳ በልተን እንዳበቃን መስኮቶቹ ተዘጉ፣ መብራት ደበዘዘ፣ ሰው ሁሉ እየተዘረጋ ተኛ። ሙኽታርም ተኙ። ሲያንኮራፉ እስከ እኔ ይሰማል። ላቲፍ ብቻ ቁጭ ብሏል። ትራሱን ከወገቡ ኋላ ወትፎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ፊቱ ያለውን ስክሪን ያያል።

ካስፒያን ባሕርን ስናልፍ ሄድኩበት። በሰው ፊት «እርስዎ» ነው የምለው፣ ሚስት ነኝና። ለምን እንዳልተኛ ጠየቅኩት፤ እንቅልፍ አልመጣም አለኝ። እንቅልፍ እስኪመጣ ጀርባውን ያሳርፍ አልኩት፤ ፊልሙ ልቤን ሰቅሎታል አለኝ። ስክሪኑን ባይ ፊልም ሳይሆን ካርታ ነው፣ ትንሽ አውሮፕላን ሰማያዊ ላይ ቆማለች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንደገና ሄድኩ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ በሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ይዞ ክብደቱን ከወገቡ ላይ ለማንሳት ይሞክራል። ያኔ «እርስዎ»ው ቀረ።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «የእህትህ ልጆች አልጋ የላኩልህ ልትጠብቀው ነው ወይስ ልትተኛበት? የኦካራን አህያ እዚህ ባስቀምጠው ይሄኔ ተዘርግቶ ነበር።»

«መቀመጡ ተመችቶኛል።»

«ፊትህን አይተኸዋል? ሰርጉ ላይ ቃሬዛ ላይ ሆነህ ነው አበባ የምታስረው?»

«ሱገራ፣ ተይኝ» አለ።

ላቲፍ በስሜ አይጠራኝም። የወሲም እናት ነው የሚለኝ። በስሜ የጠራኝ በአርባ ዓመት ውስጥ ምናልባት አምስቴ ነው፤ አንደኛው የአባቱ መርዶ የመጣ ቀን ነው። ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ተናድጄ ስለነበር አኩርፌ ለመተኛት ቁልፌን ተጫንኩ። ተጋደምኩ። እግሬን ወደ ጉድጓዱ ስዘረጋ የጣቴ ጫፍ ግድግዳውን ነካ። ከፊቴ የነበሩት ሰው መላጣ ነጋዴ ናቸው፣ በመተላለፊያው በኩል ቀና ብዬ ሳይ መላጣቸው ትራስ ላይ ተደግፎ ያበራል። ልብ ብዬ አየሁት። የእኔ እግር ያለበት ሣጥን ከራሳቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። በአገራችን ሰው ራስጌ እግር አይዘረጋም፣ ያውም ሴት፣ ያውም የማላውቃቸው ሽማግሌ። አፍሬ ጉልበቴን ወደ ሆዴ ሰበሰብኩት። ሰበሰብኩና እንደዚያው ሆኜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ከማዶ ቁጭ ያለው ባሌ ታየኝ፣ ከፊቱ ደግሞ ተዘርግተው የተኙት ሙኽታር፣ ራሳቸው ከላቲፍ እግር ሣጥን ጎን።

ያኔ የጣሪያው አልጋ ትዝ አለኝ። ራስጌው ግርጌ ከመሆኑ በፊት እግራችን የሚያመለክተው ወዴት ነበር? ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ሙኽታር ግቢ። ነፋስ ብሎኝ የነበረው ይህንን ነው። አሥራ አንድ ዓመት በላብ የተጠመቅሁት ያኮረፋቸው ወንድሙ ወዳሉበት አቅጣጫ እግሩን እንዳይዘረጋ ነበር። ልስቅ ወይም ላለቅስ አልቻልኩም። ከኒዝ ታላቅን ለማክበር ስትል ከፊት አስቀምጣ ታናሹን ቁጭ አድርጋ ልትገድለው ነው። ይህን ስህተት ከእኛ ቤት ሰው በቀር የሚሠራ የለም።

ላቲፍ እንዲህ ነው ብሎ ለሰው አይናገርም፤ ቢሞት አይናገርም። ለሙኽታር መንገር የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ከባሌ ታላቅ ጋር ደህና አደሩ፣ ደህና ዋሉ ከማለት ያለፈ ነገር ተነጋግሬ አላውቅም። መከናነቢያዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩና ሄድኩ። በላቲፍ በኩል ሳልፍ ማዳመጫውን እንደሰካ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሙኽታር ነቅተዋል። በጎናቸው ተጋድመው መስኮቱን አንድ እጅ ያህል ከፍተው ወደ ታች ያያሉ። ከታች ያለው ነጭ ብቻ ነው። መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«ባይጂ» አልኳቸው፣ «ላቲፍ አልተኛም።»

«ምን ሆኖ?» አሉኝ ዘወር ሳይሉ።

«ከተኛ እግሩ እርስዎ ራስጌ ላይ ይመጣል።»

ሙኽታር ዘወር አሉ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከትራሳቸው አጠገብ ያለውን ሣጥን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጠው?»

«ከላሆር።»

«በዚያ ጀርባው? ስምንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሊሆን ነው።»

እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ። አብቅተዋል ብዬ ልነሳ ስል ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። ታች ሜዳ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ሰው የለ። ካርታው ግሪንላንድ ይላል።

«በረዶ ነው» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሳየው ነበር፤ አያልቅም። አባታችን በሞቱ ማግስት በኦካራ ከተማ አንድ ጡብ በረዶ አጥቼ ዞሬያለሁ፤ እዚህ ማንም ሳይፈልገው ተከምሯል።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ቀጠሉ። አማቼ ጠዋት ሊቀበሩ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። ላቲፍ ይድረስ ብለው ያስቆሙት ሙኽታር ናቸው፤ ኢማሙ አላስቸኮሉም፣ እንዲያውም ሁለት ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። በረዶ አስመጥተው በአስከሬኑ ዙሪያ ደረደሩ። ቀለጠ፤ ሁለተኛ አስመጡ። ሦስተኛው ቀትር ላይ ቀለጠ። ወደ ፋብሪካው ራሳቸው በጋሪ ሄዱ፤ መብራት ጠፍቶ ፋብሪካው ቆሟል። ባቡር ጣቢያ ደወሉ፤ የላቲፍ ባቡር መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ የለም። ቤት ሲመለሱ ሴቶቹን ከክፍሉ ወጥተው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው ግቢ ውስጥ ቆመው አገኟቸው።

«ከዚያ ወዲህ ብጠብቀው አባቱን ያያቸው ነበር» አሉኝ። «ግን እንደዚያ ሆነው ነበር የሚያያቸው። ላቲፍ አባታችንን የሚያስታውሳቸው ነጭ ጥምጥም አስረው ገበያ ሲሄዱ ነው። እንደዚያው ሆነው ይቅሩለት ብዬ ነው የቀበርኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም ነበር?»

«የአባቱን ገላ ነገር ለልጅ ምን ተብሎ ይነገራል? እኔን ይጥላኝ፤ እሱ ይሻላል ብዬ ተውኩት። አንቺም እንዳትነግሪው።»

እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በሆዴ ስረግማቸው የኖርኩትን ሰውዬ ፊታቸው ቁጢጥ ብዬ እያየኋቸው፣ ምነው ምድር በተከፈተችልኝ አልኩ፤ ከእኛ በታች ግን የነበረው በረዶው ብቻ ነው።

ሙኽታር ብርድ ልብሳቸውን ገፍተው ተነሱ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ራስ ባዶ አይሆንም። ሁለት እርምጃ ሄደው ላቲፍ ወንበር ፊት ቆሙ። ላቲፍ ዓይኑን ገለጠና እንደ ልማዱ ብድግ አለ። በዚያ ጀርባው፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«ላቲፌ» አሉት ሙኽታር። «ወደ ፊት እለፍ። የእኔ ቦታ ላይ ተኛ።»

ላቲፍ አልተንቀሳቀሰም። ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ማለቱ ነው።

«የታላቅ እግር ወደ ታናሽ ራስጌ ቢመጣ ነውር የለውም፤ ስናድግ የተኛነው እንደዚያ ነው። ከኒዝ ታላቅ ይቅደም ብላ አጠፋች። ታላቅ ከኋላ መሆን ያለበት ቦታም አለ።» ትንሽ ቆዩና፣ «ልመናም አይደለም፤ አዝዤሃለሁ» አሉት።

የታላቅ ትእዛዝ ሲሆን ኩርፊያ እንኳ መንገድ ይለቃል። ላቲፍ አንገቱን ደፍቶ፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ እያለ ወደ ፊት አለፈ። ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩለት። ወንበሩ ቀስ እያለ ይዞት ወረደ። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከደረቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፤ የተጨበጡት ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ያቺን ወንበር የሠራ ሰው፣ ማንም ይሁን የትም ይሁን፣ ያን ትንፋሽ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ብርድ ልብሱን አለበስኩት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ ላወልቅለት ስስበው የገመዱ ጫፍ ነጻ ሆኖ መጣ። የትም አልተሰካም ነበር።

ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ምንም የማይሰማበት ማዳመጫ አድርጎ ነው የተቀመጠው። እኛ ስናወራ ደግሞ ከኋላችን፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር።

«ሰምተሃል?» አልኩት በጆሮው።

ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ከዓይኑ ጠርዝ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። በመከናነቢያዬ ጠረግኩለት። ሌላም ወረደ፣ እሱን ተውኩት።

ከኋላ ሙኽታር ወንበራቸውን ሲዘረጉ ሰማሁ። ያ የድመት ድምፅ ሄደ፣ ቆመ። ብርድ ልብስ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ከላቲፍ ትራስ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ የእግር ድምፅ መጣ፤ የሽማግሌ እግር ነው፣ እየፈለገ ቦታውን የሚያገኝ። ጸጥ አለ።

ከዚያ ግድግዳው ሁለቴ መታ መታ አለ። በተረከዝ ነው።

ላቲፍ ዓይኑን ገለጠ። እጁን አውጥቶ ወደ ግድግዳው ዘረጋ፤ ጣት ፈልጎ ነው፣ ጣት ግን የለም፣ ፕላስቲክ ብቻ ነው። መዳፉን እዚያው ላይ አሳረፈ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ አልወጣም፤ እንደገና ጠራረገ። እኔ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ ከዚህ በኋላ ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር አውቀዋለሁ።

«ባይጂ» አለ።

ከኋላ የሙኽታር እግር ሣጥኑ ውስጥ ተንቀሳቀሰ።

«ባይጂ፣ አልተኛሁም።»

«ተኛ» አሉት ሙኽታር። ድምፃቸው ትንሽ ሰበር ብሏል። «ተኛ፣ እኔ አለሁ።»

ላቲፍ እጁን ከግድግዳው ላይ ሳያነሳ ተኛ። እኔም ሄጄ የአሥራ አንድ ዓመት እንቅልፌን ተኛሁ፤ የመላጣውን ሰውዬ ራስም ረሳሁት። ስነቃ መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ አሁንም ቀን ነው፣ ታች ቤትና መንገድ ይታያል። አስተናጋጇ ለማረፊያ ወንበሮቹን ልታቃና መጥታ ላቲፍ አጠገብ ደርሳለች። ሙኽታር ግን ተነስተው መተላለፊያው ላይ ቆመው ነበር፤ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትንሽ ይተኛልኝ፣ መጨረሻ ላይ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ እያሉ ይለምኗታል።